መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ እንሽላሊቷ፦ የኤች ኦ ኤ እና የካውንቲ ሕግ በተሳቢ የቤት እንስሳት ላይ

የልጄ እንሽላሊት ቤታችን በገባች በስድስተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት፣ ታውንሃውስ ውስጥ ነው። ላኪው የሰፈራችንን የቤት ባለቤቶች ማህበር፣ ማለትም ኤች ኦ ኤውን፣ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። ያልተፈቀደ እንስሳ ቤታችሁ ውስጥ እንዳለ ተነግሮናል፣ በ30 ቀን ውስጥ አስወግዱ ይላል። ከስሩ የአንቀጽ ቁጥር አለ። ሌላ ምንም የለም።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ከጎኔ ቆሞ ከእኔ ቀድሞ አንብቦ ጨረሰ። ምንም ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ። ተከትዬው ስሄድ የመስታወቱ ሳጥን ፊት መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። እንሽላሊቷ መብራቱ ስር፣ የሞቀው ድንጋይ ላይ ሆዷን ለጥፋ ተኝታለች። አንድ ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች። «አባዬ፣ ማን ይወስዳታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያ ጥያቄ ሌላ ቤት እንዳይጠየቅ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። አሜሪካ ውስጥ ማህበር ባለበት ሰፈር ለምትኖሩ፣ ወይም ለምትከራዩ ነው። ምሳሌዎቼ የሚበዙት ከቨርጂኒያ ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። መንገዱ ግን ሌላም ስቴት ያው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ በላያችሁ ስንት ሕግ እንዳለ እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። «ሱቁ ሸጦልኝ የለም እንዴ? ክልክል ቢሆን ይሸጥልኝ ነበር?» ብዬ ነበር። ሻጩ የናንተን ሰፈር ደንብ አያውቅም። የማወቅ ግዴታም የለበትም።

ከላይ የፌዴራል ሕግ አለ። ከሱ ስር የስቴቱ፣ ከዚያ የካውንቲው ወይም የከተማው፣ ከዚያ የማህበሩ ሰነድ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ የኪራይ ውላችሁ ይጨመራል። አንዱ ፈቀደ ማለት ሌላው ፈቀደ ማለት አይደለም። ካውንቲው ዝም ያለውን እንስሳ ማህበሩ ሊከለክል ይችላል። ማህበሩ የፈቀደውን ደግሞ ስቴቱ ወንጀል አድርጎት ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ማለፍ አለባችሁ። ስለዚህ ከላይ ጀምሩ፤ ላይኛው ከከለከለ ወደ ታች መውረድ አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ የእንስሳውን ትክክለኛ ስም ያዙ፣ ከዚያ የፌዴራሉንና የስቴቱን ሕግ እዩ

«እባብ» ወይም «እንሽላሊት» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አታገኙም። ቢርድድ ድራገን የሚባለው እንሽላሊት ነው? ሌፐርድ ጌኮ የሚባለው ትንሽ እንሽላሊት? ወይስ ቦል ፓይተን የሚባለው እባብ? ሳይንሳዊ ስሙንም ጻፉ። ሲያድግ ስንት እንደሚደርስና ስንት ዓመት እንደሚኖርም ጨምሩ። ቢርድድ ድራገን ሲያድግ ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊኖር ይችላል። ሌፐርድ ጌኮ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ቦል ፓይተን 30 ሊደርስ ይችላል። ልጃችሁ 11 ዓመቱ ከሆነ፣ እንስሳው ኮሌጅ አስገብቶት እናንተ ዘንድ ይቀራል። በመሃል ቤት ብትቀይሩ ይህን ሁሉ ሥራ እንደገና ትጀምራላችሁ።

የፌዴራሉ አጭር ነው። ቅርፊቷ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰች ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ ከ1975 ጀምሮ ክልክል ነው። ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው፤ ትንንሽ ልጆች አፋቸው ውስጥ ያስገቧቸው ነበር። የበርማ ፓይተንንና ሌሎች ግዙፍ ዘንዶዎችን ወደ አገር ማስገባት በ2012 ታግዷል፤ በ2015 ዝርዝሩ ላይ ሌሎች ተጨምረዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከአገር ቤት ኤሊ ይዞ መምጣትን አታስቡት። ስምጥ ሸለቆ ላይ የምናያት ቅርፊቷ ዝንጉርጉር የሆነችው ትልቅ ኤሊ ወደ አሜሪካ እንዳትገባ ከ2000 ጀምሮ ተከልክላለች። ከብት የሚገድል በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ይዛ ስለምትገኝ ነው። ከዚያ ላይ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የተጠበቀች ናት። ኤርፖርት ላይ የሚጠብቃችሁ ቀላል ነገር አይደለም።

የስቴቶች ልዩነት ሰፊ ነው። ሃዋይ ውስጥ ማንኛውንም እባብ መያዝ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 200,000 ዶላርና እስከ 3 ዓመት እስር ይደርሳል። ፍሎሪዳ በ2021 አረንጓዴ ኢጉዋናንና ቴጉ የሚባለውን ትልቅ እንሽላሊት ለቤት እንስሳነት ከለከለች። ቀድሞ የነበራቸው ሰዎች ማይክሮቺፕ አስቀብረው ፈቃድ እንዲያወጡ የጥቂት ወራት ጊዜ ብቻ ተሰጣቸው። የሕግ ለውጥ እንዲህ ነው የሚመጣው። ቀድሞ መያዛችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያላችሁ እንደሆነ ትተርፋላችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የግዢውን ደረሰኝ አስቀምጡ።

ለጥያቄያችሁ የስቴታችሁ የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት ጋ ኢሜይል ጻፉ። ስልክም ይሆናል፣ ግን ኢሜይል ይቀመጣል። ልጆች ጓሮ ወይም ጫካ ያገኟትን ኤሊ ለምነው ቤት ለማስገባት ቢሞክሩም እዚያው ጠይቁ። ዱር የተያዘ እንስሳ ሕጉ ከሱቅ እንስሳ ሌላ ነው።

ደረጃ 3፦ ካውንቲው ወይም ከተማው

የካውንቲ ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ በኢንተርኔት ይገኛሉ። የእንስሳት ምዕራፉን ክፈቱና «ሬፕታይል»፣ «ኤግዞቲክ» እና «ዋይልድ አኒማል» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ትርጉም የሚሰጠውን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ። «ኤግዞቲክ» የሚለው ቃል አንዱ ካውንቲ ውስጥ አዞና መርዛማ እባብ ማለት ነው፤ ሌላው ጋ የምትወዷትን እንሽላሊት ሊጨምር ይችላል።

ከተሞች ምን ያህል ሊጠብቁ እንደሚችሉ ለማየት ኒው ዮርክ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። የጤና ደንቧ መርዛማ እባቦችን ብቻ ሳይሆን ቦአና ፓይተን የሚባሉትን ዘንዶዎች በሙሉ፣ ኢጉዋናን፣ አርጃኖን ይከለክላል። በሌላ ከተማ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ለማዳው ቦል ፓይተን የኒው ዮርክ ከተማ ክፍል በሆነው ብሮንክስ ውስጥ ሕገወጥ ነው።

ከዚያ የካውንቲውን የእንስሳት ቁጥጥር ክፍል ጠይቁ። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? የቁጥር ገደብ አለ ወይ? ሲሞትስ ሲጠፋስ ማሳወቅ አለብን ወይ? ያናገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። እኔ ስጠይቅ ሴትየዋ በ10 ደቂቃ ጨረሰችልኝና በኢሜይል አረጋገጠችልኝ። ያ ኢሜይል ኋላ ላይ ማህበሩ ፊት በጣም ጠቀመኝ።

ደረጃ 4፦ የማህበሩን ሰነድ ከስሩ አንብቡ

ነገር ከስሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ። የዚህ ጉዳይ ስር ዴክላሬሽን የሚባለው ሰነድ ነው። ኮቨናንት ብለውም ይጠሩታል። ገንቢው ሰፈሩን ሲሠራ ካውንቲው መዝገብ ውስጥ ያስመዘገበው ነው። ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ስለሆነ ባታነቡትም፣ ባትፈርሙበትም ይገዛችኋል። ከሱ ስር ባይሎው አለ፤ እሱ ስለ ስብሰባና ምርጫ ነው። ከዚያ ማህበሩን የሚመራው ቦርድ በየጊዜው የሚያወጣው የደንብ መጽሐፍ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ለናንተ ትልቅ ትርጉም አለው። ደንቡ ከዴክላሬሽኑ ጋር ከተጋጨ የሚጸናው ዴክላሬሽኑ ነው። ዴክላሬሽኑን ለመቀየር የባለቤቶች ድምፅ ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ። ደንቡን ግን ቦርዱ በአንድ ማታ ስብሰባ ሊቀይረው ይችላል።

ከየት ይገኛል? ከማህበሩ የኢንተርኔት ገጽ፣ ከማኔጅመንቱ፣ ካጣችሁት ደግሞ ከመሬት መዝገብ። ቨርጂኒያ ውስጥ መዝገቡ ያለው የካውንቲው ሰርኪት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው። ማሻሻያዎቹንም ጠይቁ። የ1980ዎቹ ዴክላሬሽን ብቻውን ግማሽ ታሪክ ነው።

ቤት ገና እየገዛችሁ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሻጩ ሪሴል ሰርተፊኬት የሚባል የማህበሩን ሰነዶች የያዘ ጥቅል ማቅረብ አለበት። ከደረሳችሁ በኋላ ውላችሁ ካላራዘመው በቀር 3 ቀን አላችሁ። በነዚያ ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ሪል ኤስቴት ወኪላችሁ «ያው የተለመደ ነው» ሊላችሁ ይችላል። እናንተ ግን የእንስሳት አንቀጹን በዚያው ማታ አንብቡ።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንግባ። ብዙ ሰፈር ውስጥ የምታገኙት አባባል ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «በማንኛውም ቦታ ላይ ማናቸውም ዓይነት እንስሳት፣ ከብት ወይም ዶሮ አይረቡም፣ አይያዙም። ሆኖም ውሾች፣ ድመቶችና ሌሎች የቤት እንስሳት ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ሊያዙ ይችላሉ።»

አንድ በአንድ እዩት። «ማናቸውም እንስሳት» ይልና ይዘጋል። «ሆኖም» ይልና ትንሽ በር ይከፍታል። ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው «ሌሎች የቤት እንስሳት» በሚሉት ሦስት ቃላት ላይ ነው። እንሽላሊት የቤት እንስሳ ነው? ሰነዱ ትርጉም ከሰጠ እሱ ይሠራል። ካልሰጠ ክርክር አለ ማለት ነው። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያሉ ክልከላዎችን በጠባቡ ነው የሚተረጉሙት፤ ጥርጣሬ ካለ ሚዛኑ ባለቤቱ ንብረቱን በነፃነት ወደሚጠቀምበት ያዘነብላል። ይህ ግን አሸነፋችሁ ማለት አይደለም። ጠበቃ ይዛችሁ የምትከራከሩበት ነጥብ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ክልከላውን በግልጽ ይጽፋል፦ «ተሳቢ እንስሳት አይፈቀዱም»። ይህን ካያችሁ አትግዙ። በጽሑፍ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ ካለ ብቻ ጠይቁ። ሦስተኛው ዓይነት «ቦርዱ ካልፈቀደ በቀር» ይላል። እሱ በእውነት ጥሩ ነው፣ መንገዱን ራሱ ያሳያችኋል።

ሕግ ያድነኛል ብላችሁም አትተማመኑ። ካሊፎርኒያን ብዙ ሰው ይጠቅሳል። እዚያ ማህበር ቢያንስ አንድ የቤት እንስሳ መከልከል አይችልም። ግን ሕጉ የቤት እንስሳ የሚለው ውሻን፣ ድመትን፣ ወፍንና በአኳሪየም የሚኖር የውሃ እንስሳን ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ከማህበሩ ጋር በስምምነት ነው። ተሳቢ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ

ሳይቃጠል በቅጠል። ደብዳቤ ከመጣ በኋላ የምትጽፉት መከላከያ ነው። ቀድማችሁ የምትጽፉት ጥያቄ ግን መከባበር ነው፣ ቦርዱም በሌላ ዓይን ያየዋል።

አንድ ገጽ ይበቃል። የእንስሳውን ስም፣ ቁጥሩን፣ ሲያድግ የሚደርስበትን መጠን ጻፉ። መርዛማ አለመሆኑን ጻፉ። የሳጥኑን ልክና ቁልፍ እንዳለው ግለጹ፣ ፎቶም አያይዙ። ለንግድ እንደማታረቡ፣ ወደ ጋራ ቦታ እንደማታወጡ ቃል ግቡ። የካውንቲውን ኢሜይል አያይዙ። መጨረሻ ላይ «እባክዎ ውሳኔውን በጽሑፍ ይላኩልኝ» በሉ። ፕሮፐርቲ ማኔጀሩ በስልክ «ችግር የለውም» ቢላችሁ አመስግኑና ያንኑ ቃል በኢሜይል ጻፉለት። ማኔጀር ይቀየራል፣ ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

ተከራይ ከሆናችሁ ሁለት ፈቃድ ነው የምትፈልጉት፣ የአከራያችሁና የማህበሩ። አከራዩ በማህበሩ ስም ሊፈቅድላችሁ አይችልም። ቅጣቱ ለሱ ይደርሰዋል፣ እሱ ደግሞ ወደናንተ ይዞት ይመጣል።

የቤታችሁን ኢንሹራንስም ጠይቁ። ቢርድድ ድራገን የሚሞቅበት ቦታ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ያንን ሙቀት የሚሰጠው መብራት በደንብ ካልተያዘ እሳት ያስነሳል። ግድግዳ የምትጋሩት ጎረቤት የሚጨነቅበት በቂ ምክንያት አለው። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ግጠሙለት።

ደረጃ 6፦ ጎረቤት የሚያማርርበትን ነገር አስቀድማችሁ ዝጉ

የሰፈር ማህበር በር እየከፈተ አይፈትሽም። አብዛኛው ደብዳቤ የሚነሳው ከአንድ ጎረቤት አቤቱታ ነው። የእኛም እንደዚያ ነበር። ልጄ እንሽላሊቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ፖስታ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ጎረቤታችን አይታ ደነገጠች። እባብ ያየ በልጥ በረየ። አልፈርድባትም፤ እኔም ልጅ ሆኜ እንሽላሊት አይቼ እሮጥ ነበር።

ስለዚህ ውጭ አታውጡ። ወደ ሐኪም ስትወስዱ በሚዘጋና ጨርቅ በተሸፈነ ሳጥን ይሁን። ለምግብ የምትገዟቸው ክሪኬት የሚባሉ ፌንጣዎች ካመለጡ ግድግዳ አልፈው ጎረቤት ቤት ሌሊቱን ሲጮኹ ያድራሉ። ይህንን ከባድ ክዳን ባለው ዕቃ ትከላከላላችሁ። ሽታ ካለ ጽዳት ጎድሏል ማለት ነው።

ጤናው ደግሞ ከጎረቤት በላይ የራሳችሁ ቤት ጉዳይ ነው። ጤነኛ የሚመስል ተሳቢ እንስሳ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ልጆች፣ ከ65 በላይ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ባሉበት ቤት ተሳቢ እንስሳት እንዳይያዙ ይመክራል። የኛን ቤት አስቡት። እማማ ከአገር ቤት መጥተው ስድስት ወር ይቆያሉ፣ አራስ ይኖራል፣ የዘመድ ልጅ ይመጣል። በጉርሻ የምንበላ ሰዎች ነን። እንስሳውን የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ማዕድ አይቅረብ። ሳጥኑንና ዕቃውን ኩሽና ሲንክ ውስጥ አትጠቡ። እናቴ ስትመጣ ሳጥኑን ከሳሎን ወደ ልጄ ክፍል አዛውረን በሩን ዘግተን ነው የቆየነው። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ደረጃ 7፦ ደብዳቤው ከመጣ

አትደብቁ፣ አትዋሹ። እንስሳውን ዘመድ ቤት ደብቃችሁ «የለም» ማለት ኋላ ላይ ማንም እንዳያምናችሁ ያደርጋል። ዝምም አትበሉ። በደብዳቤው የተጠቀሰውን አንቀጽ አውጥታችሁ ከእንስሳችሁ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በጽሑፍ መልሱና ቦርዱ ፊት መቅረብ እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ማህበሩ ከመቅጣቱ በፊት ሊሰማችሁ ግድ ነው። የመሰማት ቀጠሮው ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ይነገራችኋል፣ ጠበቃ ይዛችሁ መቅረብም ትችላላችሁ። ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት ከ50 ዶላር አይበልጥም። ለሚቀጥል ጥፋት ደግሞ በቀን 10 ዶላር ሆኖ ከ90 ቀን በላይ አይቆጠርም። ቢሆንም ማህበሩ ፍርድ ቤት ሄዶ እንስሳው እንዲወጣ ሊያስወስን ስለሚችል ቅጣቱን እየከፈልኩ እኖራለሁ አትበሉ። ማህበሩ የራሱን የአቤቱታ ሥርዓት ጨርሶ ከወሰነባችሁ ለስቴቱ የማህበራት እንባ ጠባቂ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላላችሁ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ክርክር የሚያይ የካውንቲ ኮሚሽን አለ።

እኔ የቀረብኩት ማታ 1 ሰዓት ላይ ነበር፤ አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ሦስት ወረቀት ይዤ ነበር፦ የካውንቲውን ኢሜይል፣ የሳጥኑን ፎቶና አንቀጹን። «ሌሎች የቤት እንስሳት» የሚለውን ቃል ጣቴን አስቀምጬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ልጄ እንሽላሊቷ ምን እንደምትበላ ተናገረ። የከሰሰችን ጎረቤታችንም እዚያ ነበረች። ያለፈቃድ ማስገባታችን ስህተት እንደነበር ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቦርዱ በጽሑፍ ፈቀደ፦ አንድ እንሽላሊት፣ ሳጥን ውስጥ፣ ከቤት ሳትወጣ።

አንድ መንገድ ግን አትሂዱ። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር «የስሜት ድጋፍ እንስሳ» የሚል ደብዳቤ ይሸጣል። የእውነት የጤና ችግር ያለበት ሰው በፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ከሚያክመው ሐኪም ጋር ይነጋገር። ነገር ግን የፌዴራሉ የቤቶች መስሪያ ቤት በጃንዋሪ 2020 ባወጣው መመሪያ ከኤሊ በስተቀር ተሳቢዎችን ከተለመዱ የቤት እንስሳት አውጥቶ ከባድ ማስረጃ ነበር የጠየቀው። የተገዛ ወረቀት ይዞ መሄድ በእውነት የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ነው የሚጎዳው።

ደረጃ 8፦ አይሆንም ከተባለ

ውጭ መልቀቅ ፈጽሞ አይሆንም። ክረምቱ ይገድላታል። ካልገደላትም ጉዳቱ ለአካባቢው ይተርፋል፤ የፍሎሪዳን ረግረግ የወረሩት ፓይተኖች ከቤት እንስሳ ንግድ የመጡ ናቸው። በብዙ ቦታ ሕገወጥም ነው። ቦርዱን የ60 ወይም የ90 ቀን ጊዜ ጠይቁ፤ አዲስ ቤት እየፈለጋችሁ መሆኑን ካሳያችሁ ብዙዎቹ ይሰጣሉ። ተሳቢ እንስሳትን የሚቀበሉ የበጎ ፈቃድ ድርጅቶች አሉ፤ የእንስሳት ሐኪማችሁ ያውቃቸዋል። ሳጥኑንና መብራቱን አብራችሁ ስጡ፣ ተቀባይ ቶሎ ይገኛል። ልጁም አብሮ ሄዶ ያስረክብ፤ የት እንዳለች ይወቅ።

ፈቃድ ካገኛችሁ ደግሞ ወረቀቱን ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡ። ስታነቡት ልብ በሉ፦ የኛው የተሰጠው ለዚህች እንሽላሊት ብቻ ነው። ሰሞኑን ልጄ ስለ ኮርን ስኔክ መጠየቅ ጀምሯል። ኮርን ስኔክ የቨርጂኒያ አገር በቀል እባብ ነው፤ ስለዚህ ስቴቱ ስለ አገር በቀል እንስሳት ያወጣው ሕግ አለበት። ለዱር እንስሳት መስሪያ ቤቱ የሚላከውን ኢሜይል ራሱ እየጻፈ ነው፤ ጨርሶ ሲያሳየኝ አብረን እንልከዋለን።